የቆመ ቡጢ

የቦክስ አሰልጣኙ ፋሻውን ፈትቶ እጇን ሲያይ ቃል አልተነፈሰም። ያናደዳትም ይኸው ዝምታው ነው። ሌላ ጊዜ እንኳን አጥንት ተሰብሮ፣ የጫማ ማሰሪያ ተፈትቶም ሰው ፊት የሚያዋርድ ሰውዬ ነበር። ከመሃል ጣቷ ሥር ያለውን እብጠት በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ጥርሷን ስትነክስ ካየ በኋላ እጇን ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ መለሰላት።

«ሁለተኛሽ ነው» አላት። «እዚያው ቦታ ላይ። ከእንግዲህ ቢጠገንም ራስ በመታሽ ቁጥር መሰበሩ አይቀርም። ከክለቡ ውጪ አላልኩሽም፤ ሰዓት ትይዣለሽ፣ ፎጣ ታቀብያለሽ።»

«እኔ ፎጣ ላቀብል አልመጣሁም።»

«ታዲያ በየትኛው እጅሽ ልትመቺ ነው?»

ቦርሳዋን በግራ ትከሻዋ አንጠልጥላ ወጣች፤ በሩንም በእግሯ ዘጋችው። መንገድ ላይ ስትደርስ ነው ዕንባዋ የመጣው፤ እሱንም ቢሆን ተቆጥታ ጠረገችው። ሠፈር ውስጥ የአባቷ ልጅ ናት፣ ሥራ ቦታ የአባቷ ረዳት ናት። የራሷ የሆነ ነገር ቢኖራት በአራት ገመድ የታጠረው ያ መድረክ ብቻ ነበር፤ አሁን እሱንም ተዪው ልትባል ነው።

ሚስማር ነው የሚሏት። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች የሚመስላቸው አሉ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። አባቷ ጎሚስታ ነው። ሚስማር ከሌለ ጎማ አይተነፍስም፤ ጎማ ካልተነፈሰ ደግሞ ጎሚስታ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ልጅ ስትወለድለት «ይቺ እንጀራዬ ናት» ብሎ ሚስማሬ አላት፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ጎማ ቤቱ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። በር ላይ የተከመረ አሮጌ ጎማ፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት ውሃ የሞላው ገንዳ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያጓራ ኮምፕረሰር፣ ግድግዳው ላይ እንደ ልብስ የተሰቀለ፣ ከጎማ ውስጥ የወጣ ካላማዳሪ። ከጓሮው ወፍራም ብረት ላይ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ጎማ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሰው ሲጠይቀው አባቷ «ለጌጥ ነው» ይላል።

ለጌጥ አይደለም። ጎሚስታው በወጣትነቱ ከጭነት መኪና ማቆሚያው ጀርባ በባዶ እጁ ይቧቀስ ነበር። ሾፌሮችና ተሸካሚዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ መሃል ላይ መስመር ይሰመራል፣ ሁለት ሰዎች ሸሚዛቸውን አውልቀው ይገባሉ። ጓንት የለ፣ ፋሻ የለ። እንደ ራሱ አነጋገር ከሆነ ያልጣለው ሰው አልነበረም፤ ለዚህም ምስክሩ ራሱ ነው። ነገሩን ሁሉ የሚዘጋው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ይሄ እጅ አንድ ቀን እንኳ ተሰብሮ አያውቅም!» ሚስማር ይህን ስትሰማ ስላደገች ዐይኗን እንኳ አታነሳም ነበር።

ያን ቀን ግን አነሳች። እብጠቷን በበረዶ ይዛ ጎማ ክምሩ ላይ ተቀምጣ ሳለ አባቷ አየና፣ «እንዲያው ምን ትሆኚ! የሰው ራስ መምታት ማን አስተማረሽ?» አላት።

«ሁሉም ራስ ነው የሚመታው፣ አባዬ። ቦክስ እኮ ነው።»

«እሱ ነው ጥፋቱ። ጓንት ፊት የሚጠብቅ ይመስልሻል? ጓንት እጅ ነው የሚጠብቀው። እጅ ሲለብስ ይደፍራል። ሲደፍር ግንባር ይመታል። ግንባር ደግሞ ድንጋይ ነው። እኛ በባዶ እጃችን ግንባር መትተን ቢሆን ኖሮ በማግስቱ በምን ልንጎርስ ነበር?»

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመች። የሰውዬው ወሬ ሁሌም ግማሹ ውሸት ነው፤ ይሄኛው ግን ከእውነተኛው ግማሽ እንደሆነ እጇ ራሱ እየነገራት ነበር።

እጇ እስኪጠገን በግራዋ፣ ሲጠገንም ቀስ እያለች በሁለቱም፣ ጓሮ ውስጥ ያባቷን ቡጢ መማር ያዘች። ቡጢው የቆመ ነው። አውራ ጣት ወደ ላይ፣ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው። ክለብ ውስጥ ግን መዳፍ ወደ መሬት ዞሮ ነው የሚመታው። «ከክርንሽ እስከ ቡጢሽ አንድ ብረት ይሁን!» ይላታል። «ጎማውን ጥርሱን አትምቺ፤ ጎኑን ምቺው፣ የሚገባልሽን! ሰውም እንደዚያው ነው። ከጎድን አጥንት በታች ያለችው ሥጋ የማንንም እጅ ሰብራ አታውቅም። እሷን ካጣሽ ክንድ ምቺ። ራስ ይሸሻል፤ ክንድ ግን ራሱ መጥቶ ፊትሽ ይቆማል።»

እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ቀጥሎ ግን አቋቋም አስተማራት፤ እሱ ላይ ነው ጉዱ። ሁለት ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ወገብ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ አገጭ ከፍ ብሎ። ፎቶ ሊነሳ የቆመ ሙሽራ ይመስል ነበር። «አባዬ፣ ይሄ ፊቴን ክፍት ይተወዋል» ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ።

ሦስተኛው ትምህርት ጉልበት ነበር። በእሱ ጊዜ ሕጉ እንዲህ ነው፤ አንድ ጉልበት መሬት ከነካ ዙሩ አለቀ። የወደቀው ሰው ጥጉ ሄዶ ይቀመጣል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ ተነስቶ መሃል ወዳለው መስመር ይመለሳል። መስመሩ ጋ ያልተመለሰ ተሸነፈ። «መንበርከክ ነውር አይደለም፤ ብልሃት ነው» ይላታል አባቷ፤ ትከሻዋን በድንገት ይገፋታል፣ ጉልበቷ መሬት ይነካል፣ ትነሳለች፣ ዞር ብላ ጥግ ወዳለው ባልዲ ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች። ሁሌም ከተቀመጠች በኋላ ትምህርቱ ያበቃል። እሱ ወይ ወሬ ይጀምራል፣ ወይ ደንበኛ መጣ ይላል። እሷም «አሁን እኮ ሲንበረከኩ ዳኛ ይቆጥራል እንጂ ዙር አያልቅም» ስትለው፣ «እሱን ያኔ እናያለን» ብሎ እንደገና ይገፋታል። አንድ ነገር ደጋግመው ሲሠሩት ደግሞ ጭንቅላት ባይቀበለው እንኳ እግር ይቀበለዋል።

እጇ ሲጠነክር ክለብ ተመለሰችና አሰልጣኙን «መልሰኝ» አለችው። የተንጠለጠለውን ከረጢት በቆመ ቡጢ ስትመታ አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው? ድሮ በባቡር ጊዜ ነው እንዲህ የሚመታው።»

«እጄን አያመኝም።»

«ሰውንም አያመውም!»

አባቷ ከበር ቆሞ ይሰማ ነበር። ዘይት የነካ ቱታውን እንደለበሰ ገባ፤ ሁለቱ ተፋጠጡ። አንዱ «እርስዎ ባረጀ ነገር ልጅ ሊያስገድሉ ነው» ይላል፣ ሌላው «አንተ ነህ እጅ የምታሰብር፣ እኔ ጠግኜ ነው ያመጣኋት» ይላል። ሚስማር መሃላቸው ቆማ ሁለቱንም ስታይ ቆሽቷ አረረ። ስለ እጇ ሲጨቃጨቁ የእጁን ባለቤት የጠየቀ የለም።

«በቃ!» አለች። «ከፀጉር ሠሪዋ ጋር አጋጥመኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ በሚስማር ክብደት የክለቡ አንደኛ ናት። ሳቂታ፣ ፈጣን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስትሠራ ክንዷን አንስታ የምትውል ልጅ ናት፤ የሷ ክንድ በቀላሉ አይዝልም። አሰልጣኙ ትንሽ አሰበና፣ «እሺ» አለ። «እሑድ ከሰዓት፣ ሦስት ዙር፣ ክለቡ ሁሉ ባለበት። ካሸነፍሽ ቡድኑ ውስጥ ትገቢያለሽ። ከተሸነፍሽ ወይም እጅሽ ካበጠ ግን ጓንትሽን ትሰቅያለሽ፤ ሁለተኛ እዚህ በር ላይ አትጨቀጭቂኝም።»

«ተስማምቻለሁ። ጥጌ የሚቆመው ግን አባቴ ነው።»

አባቷ ደረቱን ነፋ። ነገሩ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ሚስማር መቆንጠጫ እያቀበለቻት ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። እናቷ አንሶላውን ገመዱ ላይ ዘርግታ ከበስተጀርባው ቆመች።

«አባትሽ እጁ ያልተሰበረው ለምን ይመስልሻል?» አለች።

«ለስላሳ ቦታ ስለሚመታ ነዋ።»

«እሱም አለበት። ግን ቡጢ በመጣ ቁጥር ጉልበቱ ይቀድመው ነበር። ስሙ ማን ነበር መሰለሽ? ተንበርካኪው! ይሄን አልነገረሽም አይደል?»

ሚስማር የአንሶላውን ጫፍ ገልጣ አየቻት።

«አትሳቂበት» አለች እናቷ፣ ልጅቷ ባትስቅም። «ተነስቶ እስከተመለሰ ድረስ ማንም ምንም አይለውም ነበር። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጊዜ ተንበረከከ፣ ጥጉ ሄደ፣ ተቀመጠ፣ አልተነሳም። መስመሩ ጋ ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ሕዝቡ ይጮሃል፣ እሱ ጫማውን ያያል። አልቆሰለም እኮ! ሐሞቱ ፈሰሰ፣ በቃ። እጄ ተሰብሮ አያውቅም ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ለምን ዛሬ ነገርሽኝ፣ እማዬ?»

«ነገ ጥግሽ እንደሚቆም ዛሬ ነዋ የነገርሽኝ። ከፈለግሽ አሞኛል ብሎ ይቀራል፤ እኔ አስቀረዋለሁ።»

ሚስማር ቀሪዎቹን መቆንጠጫዎች አንድ በአንድ አቀበለች። ሁልጊዜ ባልዲው ላይ ስትቀመጥ ትምህርቱ ለምን እንደሚያልቅ ገባት፤ የእሱም ግጥሚያ ያበቃው እዚያው ነበር። የተናደደችው በማን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«አይቀርም» አለች በመጨረሻ። «ይምጣ።»

እሑድ የክለቡ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወሬው ጭነት መኪና ማቆሚያ ድረስ ደርሶ ኖሮ ያረጁ ሾፌሮች ሳይቀሩ መጥተው የፊቱን አግዳሚ ይዘዋል። አባቷ ቱታውን በኮት ለውጧል፤ በአንድ እጁ ባልዲ፣ በሌላው ትንሽ ወንበር ይዞ ገመዱ ሥር ቆመ። ዳኛው፣ የክለቡ የድሮ ቦክሰኛ የነበረው ሰውዬ፣ ሁለቱን መሃል ጠርቶ አጨባበጣቸው። «አይዞሽ፣ ቀስ ብዬ ነው የምመታሽ» አለቻት ፀጉር ሠሪዋ እየሳቀች። «አንቺ ግን እንዳትምሪኝ» አለች ሚስማር።

የመጀመሪያው ዙር ውርደት ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። አባቷ እንዳለው ክንዷን ዘርግታ፣ አገጯን አንስታ ቆመች። ፀጉር ሠሪዋ ለአፍታ ግራ ገባትና አየቻት፤ ከዚያ በግራም በቀኝም በተዘረጋው ክንድ ዙሪያ ቡጢዋን ማዞር ጀመረች። በባዶ እጅ ዘመን እንዲህ ራስ ላይ የሚያወርድ ሰው ጣቱን ይሰብር ነበር፤ በጓንት ግን ምን ቸገራት? ጆሮ፣ ጉንጭ፣ ግንባር፣ ያገኘችውን ሁሉ መታች። አዳራሹ ሳቀ። አንዱ «ፎቶ አንሺ ጥሩላት!» ብሎ ጮኸ። ደወሉ ሲደወል የሚስማር አፍንጫ ይደማ ነበር።

«ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው!» አለ አባቷ አፍንጫዋን በፎጣ እየያዘ። «ትንሽ ወደ ኋላ ተለጠጪ እንጂ አቋቋምሽ…»

«አባዬ፣ ዝም በል።»

«ምን አልሽ?»

«ዝም በል አልኩህ። ውሃ ስጠኝ።»

ሰጣት። በሕይወቷ እንዲህ ተናግራው አታውቅም፤ እሱም ዝም ብሎ አያውቅም። ሁለቱም በአንድ ቀን ሆነ።

በሁለተኛው ዙር አገጯን ቀበረች፣ ጓንቷን ጉንጯ ላይ ለጠፈች። አሰልጣኙ ሲያስተምራት የኖረው አቋቋም ነው። ቡጢዋን ግን አልለወጠችም፤ ቆሞ ነው የሚሄደው። ልዩነቱንም እዚያው አየችው። ፀጉር ሠሪዋ ሁለት ክርኖቿን ገጥማ ሆዷን ስትከልል የተኛ ቡጢ ከክርን ጋር ይጋጫል፤ የቆመው ግን ቀጭን ስለሆነ በመሃል ሾልኮ ይገባል። አንዴ ገባ፣ ፀጉር ሠሪዋ «እህ!» አለች። ሁለተኛ ገባ። መግቢያ ስታጣ ክንዷን መታች፤ ሳትቸኩል፣ እንደ ሥራ። እጇ ምንም አላላትም። ቦክስ የሚያውቁት ቀስ እያሉ መሳቃቸውን ተዉ፤ አሰልጣኙም ከወንበሩ ተነስቶ ገመዱን ያዘ።

ያኔ ነው የሚስማር የጆሮ ግንድ ላይ አንድ ከባድ ቡጢ ያረፈው። አላየችውም። ለመውደቅ የሚያበቃ አልነበረም፤ ጉልበቷ ግን ማንንም ሳይጠይቅ መሬት ነካ። «አንድ» አለ ዳኛው። ሚስማር ተነሳች። ቀጥሎ ያደረገችውን እሷ ራሷ አላዘዘችውም። ጀርባዋን አዙራ፣ ልክ ጓሮ ውስጥ እንደለመደችው፣ ወደ ጥጓ ሄደች።

አባቷስ? የብልሃቱ ፍሬ መድረሱን አይቶ ፊቱ በርቷል። ወንበሩን በገመዱ መሃል አሾልኮ አስገብቶ በእጁ እያራገፈ፣ «ተቀመጪ፣ ሚስማሬ! ተቀመጪ!» ይላል።

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ይህ የድሮው ሜዳ አይደለም። ዛሬ የተንበረከከ ቦክሰኛ እስከ ስምንት ይቆጠርበታል፣ ተነስቶ ፊቱን ወደ ዳኛው አዙሮ መጠበቅ አለበት፤ ጀርባ የሰጠ በቃኝ ብሏል ማለት ነው። አሰልጣኙ «ጀርባ ሰጥታለች! አቁመው!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው «አራት» ካለ በኋላ አምስትን አፉ ውስጥ ይዞ አመነታ። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ደግሞ አንድ ያረጀ ሾፌር እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ተንበርካኪው! ያው ነህ እንዴ? ልጅህንም አስቀመጥካት!» አለ።

ሚስማር ያባቷን ፊት አየች። የበራው ሁሉ ጠፋ፣ እጁ ወንበሩ ላይ ደረቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ አርጅቶ ታያት። እግሯ መቀመጥ ይፈልግ ነበር፣ ጆሮዋ ይጮሃል፣ ወንበሩም አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። ቢቀመጡ ይቀላል፤ ጫማን ማየት ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በውስጧ ሲያልፍ ፍርሃት አልነበረም የመጣባት፤ ንዴት ነው። በሾፌሩ፣ በአሰልጣኙ፣ በጉልበቷ፣ በአባቷ፣ አንድ ቀን ለተቀመጠ ሰው ዕድሜ ልኩን ስም በሚያወጣ አፍ ሁሉ ተናደደች።

ዞረች።

«ማን አቁም አለህ?» አለችው ዳኛውን። «ቁጠር!»

«ልጄ፣ ጀርባሽን…»

«ይኸው ፊቴ! እጄም ይኸው! ቁጠር አልኩህ!»

እየተናገረች መሃል ድረስ መጥታ ነበር። ዳኛው አሰልጣኙን አየ፣ አሰልጣኙ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ፣ ዳኛው ግን በወጣትነቱ ብዙ የተቆጠረበት ሰው ነውና ጣቱን አነሳ። «አምስት። ስድስት። ሰባት። ስምንት።» ጓንቷን ይዞ ዐይኗን አየና ለቀቃት። ከዙሩ የቀረውን በእልህ ቆማ ጨረሰችው።

ጥጓ ስትመለስ ተቀመጠች፤ አሁን ደወል ተደውሏል፣ መቀመጥ ይቻላል። አባቷ ውሃውን አፏ ላይ አደረገላት። ምክር አልሰጣትም። «ክንዷ ወርዷል» ብቻ አለ ቀስ ብሎ። ቀና ብላ አየች። እውነቱን ነው፤ ፀጉር ሠሪዋ ወንበሯ ላይ ሆና ክንዶቿን ጭኗ ላይ ጥላ ታሻቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ተነስቶ የሚውል ክንድም ቢሆን ሥጋ ነው።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ሚስማር በነጥብ እንደምትሸነፍ ታውቅ ነበር። የመጀመሪያው ዙር የሷ አይደለም፣ መንበርከኳም ሁለተኛውን አስበልቷታል። ስለዚህ ወደ ፊት ብቻ ሄደች። ሁለት ቡጢ ግንባሯ ላይ ተቀበለች፣ ሦስተኛው ከንፈሯን ቀደደው። እሷ ክንድ መታች፣ ክንድ መታች፣ ገመዱ ጋ አድርሳ እንደገና ክንድ መታች። አዳራሹ የሚጮኸው ለማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ ልትጨርሳት ቀኟን ወደ ላይ አነሳች። የዛለ ክንድ ሲነሳ ይዘገያል፤ በዚያች መዘግየት ውስጥ ከጎድን አጥንቷ በታች ያለችው ሥጋ ተከፈተች። ሚስማር ከክርኗ እስከ ቡጢዋ አንድ ብረት አድርጋ፣ ሁለቴ ተሰብሮ በዳነው እጇ፣ ሳትሳሳ መታች።

ፀጉር ሠሪዋ መጀመሪያ ፈገግ ያለች መሰለች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ትንፋሿ ጠፋ፣ እጥፍ አለች፣ በሁለት ጉልበቷ መሬት ላይ ተንበረከከች። ዳኛው ቆጠረ። ስድስት ላይ አንድ እግሯን ተከለች፣ ስምንት ላይ ልትነሳ ሞከረች፣ ጎኗ ግን እምቢ አላት። «አሥር» ሲባል ከአዳራሹ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሚስማር እጇን አላነሳችም። ሄዳ ፀጉር ሠሪዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ልጅቷ ትንፋሿ እንደተመለሰ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል «በየት በኩል ነው የገባሽው?» የሚል ነበር። «አሳይሻለሁ» አለች ሚስማር። «ከዚያ ደግሞ እዘጋብሻለሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ጎኗን ይዛ።

አሰልጣኙ ፋሻውን ራሱ ፈታው። አጥንቷን አንድ በአንድ ጫን እያለ ፊቷን አየ። እጇ አላበጠም፣ አላመማትም። እጇን ለቀቀላት።

«ገብተሻል» አለ። «ቃል ቃል ነው። ግን ስሚኝ፤ የአባትሽ ዘዴ ግማሹ ዛሬ ሊያስገድልሽ ነበር።»

«አዎ። ግማሹ ደግሞ ያንተን አንደኛ ጣለ።»

«ከሰኞ ጀምሮ እኔ እንደማስተምርሽ ነው የምትመቺው።»

«አይደለም። እኔ እንደምመታው ነው የምመታው። የሚጎድለውን ካየህ ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ፤ ቡጢዬ ግን እንደቆመ ይቀራል። ካልፈለግህ አሁኑኑ በለኝ።»

አሰልጣኙ ፋሻውን ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖረው። «ሰኞ እንዳታረፍጂ» ብሎ ሄደ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አባቷ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ ነበር። ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጥፎታል። እሷ ጫማዋን መቀየር ጀመረች።

«እናትሽ ነግራሻለች» አለ። እየጠየቃት አልነበረም።

«ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«እያወቅሽ ነው ዛሬ ጥግሽ ያቆምሽኝ?»

«አዎ።»

«ለምን? ይኸው አሳቅሁብሽ። ላስቀምጥሽም ነበር እኮ። በገዛ እጄ ላስቀምጥሽ ነበር።»

ሚስማር የጫማዋን ክር እንደያዘች ቀና አለች።

«ያን ቀን ስትቀመጥ፣ አባዬ፣ ጥግህ ማን ነበር?»

አባቷ አሰበ። በዚያ ሁሉ ዓመት ማንም ይህን ጠይቆት አያውቅም ነበር።

«ማንም» አለ። «ማንም አልነበረም። ውሃዬንም ራሴ ነበርኩ የምይዘው።»

«ለዚህ ነው ያቆምኩህ» አለችው፤ አጎንብሳም ጫማዋን ማሰር ቀጠለች።